እስከ ሃያ ይቆጥራል፤ «ሦስት ስጠኝ» ሲሉት ግን ይዘግናል

[ምስል፦ ምንጣፍ ላይ ጎድጓዳ ሳህን፣ ውስጡ አስር የሃይላንድ ክዳን። ከጎኑ ባዶ ዝርግ ሳህን።]

ተራኪ፦ የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ እንግዳ ፊት ቆማ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች ሃያ ስትደርስ ቤቱ ያጨበጭባል። ጭብጨባው ይገባታል፤ ያን ሁሉ ቃል በቅደም ተከተል መያዝ ቀላል ሥራ አይደለም። ይህችው ልጅ ግን «ሦስት ክዳን ስጪኝ» ስትባል ዘግና ሰባት ታመጣለች። ቁጥሮቹን የያዘቻቸው እንደ መዝሙር ነው፤ «ሦስት» የሚለው ቃል ስንት ነገር እንደሆነ ገና አልገባትም።

ዛሬ የምናየው ከቃሉ ወደ ብዛቱ የምትሻገርባቸውን ጨዋታዎች ነው። ዕድሜው ከሦስት እስከ አምስት። ዕቃው፦ አስር የሃይላንድ ክዳን፣ ባዶ የእንቁላል ትሪ፣ የማይሰበር ኩባያ፣ ካርቶን፣ ማርከር።

ስለ ዕቃው አንድ ነገር። ሽምብራና ባቄላ ለቆጠራ የሚመቹ ይመስላሉ፤ ነገር ግን አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባሉ፣ ትንፋሽም ይዘጋሉ። የለስላሳ ቆርኪ ጠርዙ ይቆርጣል። የፕላስቲክ ክዳን ይሻላል። እሱም ቢሆን ከሦስት ዓመት በታች ያለ ታናሽ አፍ ውስጥ እንዳይገባ ጨዋታው ሲያልቅ ተቆጥሮ ይሰበሰባል። አስር ወጥቶ ዘጠኝ ከተመለሰ፣ አስረኛው ሳይገኝ አትነሱ።

[ጽሑፍ በስክሪኑ፦ መጀመሪያ የት እንደደረሰች እንወቅ]

ወለሉ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። «ሚሚዬ፣ አንድ ክዳን እዚህ ሳህን ላይ አድርጊልኝ።» አደረገች። ክዳኑን መልሱና «አሁን ደግሞ ሦስት» በሉ። በትክክል ከሰጠች በአንድ ጨምሩ፤ ከሳተች በአንድ ቀንሱ። አንዴ መግጠሙ በአጋጣሚም ሊሆን ስለሚችል አንድን ቁጥር ታውቃለች የምንለው ከሦስት ጥያቄ ቢያንስ ሁለቱን ስትመልስ ነው። ለሁሉም ጥያቄ ሁለት ሁለት የምትሰጥ ከሆነ ደግሞ «ሁለት»ን አውቃለች ማለት አይደለም።

ስትሳሳት «አይደለም!» አትበሉ። «እስቲ አብረን እንያቸው» ብላችሁ ቁጠሩና ወደሚቀጥለው እለፉ። ፈተና መሆኑ ከታወቀባት ነገ አትጫወትም።

ተመራማሪዋ ካረን ዊን እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1992 ባሳተመቻቸው ጥናቶች ልጆች በዚህ ዓይነት ጥያቄ ደረጃ በደረጃ እንደሚሄዱ አሳይታለች። መጀመሪያ «አንድ»ን ብቻ ያውቃሉ፤ ሁለትም አምስትም ሲባሉ ይዘግናሉ። ወራት ቆይቶ «ሁለት» ይገባቸዋል፣ ከዚያ «ሦስት»፣ አንዳንዶቹ «አራት»ንም ይጨምራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ በዚህ ዝግታ አይቀጥልም። «ስቆጥር መጨረሻ ላይ ያልኩት ቃል የሁሉም ብዛት ነው» የሚለው ነገር ሲበራላቸው አምስትንም ስምንትንም ቆጥረው ይሰጣሉ።

ለእኛ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ «ሁለት»ን ከምታውቅ ልጅ ጋር የምንጫወተው በሦስት ነው። አስር ላይ መቸኮል ትርፉ መሰላቸት ነው።

[ምስል፦ የልጅ ጣት በተበተኑ ክዳኖች ላይ ሲዘል፤ ምስሉ ዝግ ይላል።]

አሁን ቆጠራው ራሱ የት ላይ እንደሚበላሽ እንይ። የሚበላሸው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ አንዱን ክዳን ትዘለዋለች። ሁለተኛ፣ የተቆጠረውን ደግማ ትቆጥራለች፤ ክዳኖቹ ክብ ሠርተው ከተቀመጡ መነሻው ስለሚጠፋት ይህ በጣም ይበዛል። ሦስተኛ፣ አፏና እጇ አይገናኙም፤ አፍ «አምስት» ሲል ጣት ገና ሦስተኛው ላይ ነው።

ለሦስቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፦ በጣት መጠቆም ይቅርና ክዳኑን ታንሳው። ከጎድጓዳው ሳህን አንስታ ዝርጉ ላይ ስታስቀምጥ አንድ ቃል ትላለች፤ ክዳኑ ሳህኑን ሳይነካ ቃሉ አይወጣም። የተቆጠረውና ያልተቆጠረው በሁለት ሳህን ስለተለያየ መዝለልም መድገምም አይኖርም። መጠቆም ሲለመድ ይደረስበታል።

ከዚህ ሌላ የወላጅ ስሕተት የምንለው አለ። ልጅቷ አምስት ቆጥራ ስትጨርስ «ስንት ናቸው?» እንላታለን፤ እሷም እንደገና «አንድ፣ ሁለት…» ብላ ትነሳለች። እኛም እንደገና እንጠይቃለን፣ እሷም እንደገና። «ስንት?» ለእሷ «ቁጠሪ» የሚል ትእዛዝ ነውና አላጠፋችም። በመጠየቅ ፈንታ እናንተ ንገሯት። መጀመሪያ ብዛቱን ጥሩ፣ ከዚያ ቁጠሩ፣ ከዚያ ብዛቱን ድገሙ፦ «ሦስት ክዳን አለሽ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ክዳን!» መጨረሻ ላይ እጃችሁን በሁሉም ላይ አዙሩ፤ «ሦስት» የሦስተኛው ክዳን ስም እንዳይመስላት።

[ምስል፦ የእንቁላል ትሪ በመቀስ ሲቆረጥ።]

የእንቁላሉ ትሪ ስድስት ረድፍ አለው፣ በእያንዳንዱ ረድፍ አምስት ጎድጓዳ። በየሁለት ረድፉ ቁረጡት፤ አስር አስር ቀዳዳ ያላቸው ሦስት ቁራጮች ታገኛላችሁ። ቆሻሻ ያለበትን ጣሉ፣ ስትጨርሱም እጅ ታጠቡ። በአንድ ቀዳዳ አንድ ክዳን፣ ከግራ ጀምሮ፣ የላይኛው ረድፍ ሲሞላ ወደ ታችኛው። ጥቅሙ ሰባት ላይ ይታያል፤ ልጅቷ ሙሉ ረድፍና ሁለት ታያለች፣ ባዶዎቹም ሦስት ናቸው። ስለ መደመርና መቀነስ አንድ ቃል ሳታወሩ አስር እንዴት እንደሚከፈል ዓይኗ ይለምደዋል።

የኩባያው ጨዋታ ደግሞ እንዲህ ነው። እያየች ሁለት ክዳን አስቀምጡና በኩባያው ሸፍኑ። አንድ ጨምራችሁ በጠርዙ በኩል አስገቡ። «አሁን ውስጥ ስንት አለ?» ከመለሰች በኋላ ኩባያውን ራሷ ታንሳ፤ እርማቱን ክዳኖቹ ይሰጣሉ፣ እናንተ ዝም በሉ። ድምሩ ከሦስት ወይም ከአራት እንዳይበልጥ፤ እስከዚያ ድረስ ያለውን ብዛት ዓይን ሳይቆጥር ይይዘዋል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ጨዋታው ግምት ይሆናል።

ቡና የሚፈላበት ቤት ደግሞ ሌላ ዕድል አለው። ባዶ ሲኒዎቹን ታድል፤ ለአንድ ሰው አንድ። ሲለመድ ከበድ አድርጉት፦ ረከቦቱ ሌላ ክፍል ሆኖ «ለሁላችንም የሚበቃ ሲኒ አምጪ፣ እንዳይተርፍ እንዳያንስ»። እዚህ ሰዎቹን ቆጥራ ብዛቱን በልቧ ይዛ መሄድ አለባት። ጀበናው እሳት ላይ ሳይወጣ በፊት ይሁን።

[ምስል፦ በካርቶን ላይ የተሰመሩ አስር አራት ማዕዘኖች በአንድ መስመር፤ ከ1 እስከ 10 ተጽፎባቸዋል።]

ከሁሉም በላይ የምንመክረው ይህን ሰሌዳ ነው። ርዝመቱ 55 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 5 የሆነ ካርቶን ቁረጡ። መጀመሪያው 5 ሳንቲሜትር «መነሻ» ነው፤ የቀረው እኩል እኩል አስር ሳጥን፣ ከግራ ወደ ቀኝ። እኩል መሆኑ ግድ ነው፤ 8 ከመነሻው ከ4 በእጥፍ እንደሚርቅ የምታየው በዚያ ነው። ትንሽ የካርቶን ቁራጭ በአንድ ፊቱ አንድ ነጥብ፣ በሌላው ሁለት ነጥብ አድርጉበት፤ ዳይሱ እሱ ነው። እስከ ስድስት ያለው ዳይስ አይመከርም፤ በሁለት ሦስት ውርወራ ጨዋታውን ይጨርሰዋል።

ተመራማሪዎቹ ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት አሜሪካ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ልጆችን በእንዲህ ዓይነት ሰሌዳ 15 ደቂቃ ያህል በሚቆዩ አራት ክፍለ ጊዜያት በሁለት ሳምንት ውስጥ አጫወቷቸው። የልጆቹ የቁጥር ግምት፣ ማለትም አንድ ቁጥር በመስመር ላይ የት እንደሚያርፍ የመገመት ችሎታቸው፣ ተሻሻለ። ያንኑ ሰሌዳ በቁጥር ፈንታ ቀለም አድርገው ያጫወቷቸው ልጆች ግን ለውጥ አላሳዩም።

አጨዋወቱ ላይ አንድ ሕግ አለ፣ እሱ ከተጣሰ ድካሙ ከንቱ ነው። ልጅቷ 3 ላይ ቆማ ሁለት ነጥብ ቢወጣላት፣ ስትራመድ «አንድ፣ ሁለት» አትበል፤ የምትረግጠውን ሳጥን ቁጥር ትጥራ፦ «አራት፣ አምስት»። የቆመችበትን ሳጥን አብራ መቁጠርም የተለመደ ስሕተት ነው። ያኔ መልሳችሁ አስቁሟትና «አሁን የት ነሽ?» በሉ። «ሦስት።» «ቀጥሎስ?» በቃ፣ ትሄዳለች።

ግቢ ካላችሁ ይህንኑ በጠመኔ መሬት ላይ አስምሩት። ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ ታላላቆቿ ካሉ እነሱው ያስተምሯታል፤ ሳጥኖቹ ግን በአንድ መስመር ይሁኑ፣ ጥንድ ጥንድ ከሆኑ የቁጥሩ መንገድ ይጠፋል።

[ጽሑፍ በስክሪኑ፦ ከአገር ውጭ ላላችሁ]

ልጁ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ እየቆጠረ ቤት ውስጥ በአማርኛ ብንጫወት ይምታታበት ይሆን? አይምታታበትም። የትናንሾቹን ቁጥሮች ትርጉም በየቋንቋው ለየብቻ ይማራል፤ የቆጠራው ሕግ ግን በአንዱ ቋንቋ ከገባው በሌላውም ይረዳዋል። አስርን ለማለፍ ደግሞ አማርኛ ይመቻል፤ «አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት» አስርና አንድ፣ አስርና ሁለት መሆናቸው ይሰማል። አንድ የትሪ ቁራጭ ሙሉ፣ ሁለተኛው ላይ ሦስት ክዳን፦ አስራ ሦስት።

ስለ መጻፍ አጭር ቃል። ገና አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከ1 እስከ 100 ደብተር ሞልቶ እንዲመጣ የሚያደርግ የቤት ሥራ በየኬጂው አለ። ያ የጣት ጡንቻ ልምምድ ነው፤ ለብዛት የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው። 3ን ገልብጦ መጻፍም በዚህ ዕድሜ የተለመደ ስለሆነ አያስቆጣም።

[ምስል፦ ጎድጓዳው ሳህን፤ በክዳኖቹ ፈንታ የልብስ መቆንጠጫዎች።]

በቀን አስር ደቂቃ ይበቃል፤ እየፈለገች ሳለ አቁሙ። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ጥያቄ ድገሙት፣ በሌላ ዕቃ፤ በክዳን ብቻ የምትችል ከሆነ ገና ይቀራታል። ለውጥ ካልታየ አትደናገጡ፣ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው መድረስ ወራት ሊወስድ ይችላል። አምስት ዓመት ሊሞላው የደረሰ ልጅ በብዙ ጨዋታ ሦስት መስጠት ካልቻለ ግን መምህሩን አማክሩ፣ ጆሮና ዓይኑንም አስመርምሩ።