ሻይሎክን አባትነቱን አትንጠቁት

የተከበራችሁ የቤተ እስራኤል ቄሶቻችን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወጣት ተዋንያን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከንባቡ በፊት አጭር ንግግር አድርግ ተብያለሁ። «አጭር» ሲባል እኛ ዘንድ ምን ያህል እንደሚረዝም ታውቃላችሁ።

ዛሬ የሚነበበው የሼክስፒር ተውኔት «የቬኒሱ ነጋዴ» በተነሣ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፤ ሼክስፒር አይሁድን ይጠላ ነበር ወይ? ተውኔቱን የጻፈው በፈረንጆች 1590ዎቹ ውስጥ ነው። አይሁድ ከእንግሊዝ የተባረሩት ደግሞ በ1290። በአደባባይ አይሁድ ነኝ የሚል ጎረቤት ሳይኖረው ነው የጻፈው። ክርክሩ አያልቅም፣ ለዛሬ ይቆየን። እኔ የመጣሁት ስለ አባትየው፣ በተውኔቱ ውስጥ ስላለው አይሁዳዊ አበዳሪ ስለ ሻይሎክ ልናገር ነው።

ሻይሎክ እራት ተጠርቶ ሊወጣ ሲል ለልጁ ለጄሲካ ቁልፉን ይሰጣታል። ከበሮና ዋሽንት ብትሰሚ መስኮት ላይ እንዳትወጪ፣ የቤቴን ጆሮ ድፈኝልኝ ይላታል። በዚያው ሌሊት ልጅቱ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወርቁን ይዛ፣ ከክርስቲያኑ ሎሬንዞ ጋር ትጠፋለች። እዚህ አዳራሽ ውስጥ «በሩን ዝጊ» ብሎ የማያውቅ አባት አለ? አትሳቁ፣ እኔም ብያለሁ።

ቀጥሎ ወዳጁ ቱባል ከጄኖዋ ወሬ ይዞ ይመጣል። ልጅህ በአንድ ሌሊት ሰማንያ ዱካት፣ የወርቅ ገንዘብ መሆኑ ነው፣ አጠፋች፣ ቀለበትም በጦጣ ለወጠች ይለዋል። ቀለበቱ ልያ፣ ኋላ ሚስቱ የሆነችው፣ የሰጠችው ነው፤ ያኔ ገና አላገባትም ነበር። ጫካ ሙሉ ጦጣ ቢሰጡኝም አልለውጠውም ነበር ይላል ሰውዬው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዳይሬክተር፣ ስሙ ይቅር፣ ይህችን ንግግር ቆርጦ ጣላት። ልምምድ ላይ ነበርን፤ ለምን አልኩት። «ሕዝቡ ይስቃል፤ ደግሞም አይሁዱን ገንዘብ ወዳድ ያስመስልብናል» አለኝ። ገንዘብ ወዳድ! ጽሑፉን አውጥቼ ፊቱ ዘረጋሁት። ሻይሎክ ስለ አልማዙ ሲያለቅስ ፍራንክፈርት ላይ ሁለት ሺህ ዱካት እንዳወጣበት ይናገራል። ስለ ቀለበቱ ግን ዋጋ አይጠራም፤ የሰጠችውን ሴት ስም ነው የሚጠራው። ልዩነቱ አይታይህም ወይ አልኩት። ሰዓቱን አየና «ትርኢቱ ረዝሟል» አለ። ሚስቱን የሚያስታውስበትን አንድ ትንፋሽ ነፍገው ሲያበቁ «ለአይሁድ ክብር ነው» ይሉናል! እንዲህ ያለ ክብር ይቅርብን!

አባትነቱን መንጠቅ አዲስ ነገር አይደለም። በ1943 ናዚዎች በያዟት ቪየና፣ በቡርግቲያትር መድረክ፣ ጄሲካ የሻይሎክ የሥጋ ልጅ አይደለችም ተብሎ ቀረበ። የዘር ሕጋቸው ሎሬንዞን እንድታገባ አይፈቅድማ! እነሱ በክፋት ነው ያደረጉት። በበጎ ልብ የሚቆርጠውስ መቀሱ ሌላ ነው?

ድፍረት ካላችሁ እንግሊዛዊውን ጸሐፌ ተውኔት አርኖልድ ዌስከርን እዩ። በ1976 ለመድረክ ባበቃው ተውኔቱ ሻይሎክንና በሼክስፒር ዘንድ ጠላቱ የሆነውን ነጋዴ አንቶንዮን ወዳጆች አደረጋቸው። ሻይሎኩ መጽሐፍ ሰብሳቢ፣ ቤቱ እንግዳ የማያጣ፣ ጨዋታ አዋቂ ነው። ጄሲካ ግን እዚያም ትወጣለች፤ ያ ደግ አባት መተንፈሻ አሳጥቷታላ! ሰውየውን ወደደው፣ ጥፋቱን ግን አልሸፈነለትም። ሃዋርድ ጃኮብሰንም በ2016 ልብ ወለዱ ሻይሎክን ወደ ዛሬይቱ እንግሊዝ አምጥቶ ልጁ ካስቸገረችው ሌላ አይሁዳዊ አባት ጋር አገናኝቶታል። በ2023 ደግሞ ተዋናይቷ ትሬሲ አን ኦበርማን ሻይሎክን እናት አድርጋ፣ ፋሺስቶች በ1936 ሊሰለፉበት በመጡት በምሥራቅ ለንደን መንደር ተጫወተቻት። ጥሩ ነው። እኔ ግን ከጎዳናው ትግል ይልቅ የእናትየዋ ቤት ያጓጓኛል።

ፍርዱንማ እኛ መች አጣነው። ሻይሎክን፣ ለብድሩ መያዣ የአንቶንዮን ሥጋ ልቁረጥ ብሎ በቀረበበት ችሎት፣ ሃይማኖትህን ለውጥ አሉት። እኛን ደግሞ አይሁድ ሆነን በመጣንበት አገር፣ በእስራኤል፣ ረቢናቱ፣ የአይሁድ ሃይማኖት ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት፣ ውኃ ውስጥ ጠልቃችሁ አይሁድነታችሁን አረጋግጡ አለን። በ1985 ኢየሩሳሌም ረቢናቱ ፊት ለፊት ይህን ተቃውመው የተቀመጡ ሰዎች እዚህ ወንበር ላይ አሉ፤ እጃችሁን አውጡ፣ ልጆቹ ይዩዋችሁ! አባት በልጆቹ ፊት «ማንነትህን አስመስክር» ሲባል ምን እንደሚሆን ከነዚህ ሰዎች በላይ ለተዋናይ የሚያስተምር የለም።

በቃኝ፤ ልጆቹ እየጠበቁ ነው። ዛሬ የቀለበቷ ንግግር አልተቆረጠችም። ቱባልን የሚያነበው ልጅ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ከኋላ ያላችሁ ወደፊት ጠጋ በሉ።