ካውያው ከመጋሉ በፊት
(በሰበታ ለኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሰልጣኞች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ሰልጣኞች፣ እንዲሁም ሥራችሁን ትታችሁ የልጆቻችሁን ሙያ ለማየት የመጣችሁ ወላጆች፦

ጠረጴዛው ላይ የምታዩት፣ ስፋቱ ከአንድ የኤ4 ወረቀት ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ቲ.አር.ኤስ-80 ሞዴል 100 የተባለ ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ነው። የጃፓኑ ኪዮሴራ ሠርቶት፣ የአሜሪካው ታንዲ በሬዲዮ ሻክ መደብሮቹ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ሸጦታል። ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም፤ ሬዲዮ ውስጥ በምንከታቸው ዓይነት አራት ትናንሽ የባትሪ ድንጋዮች ይሠራል፤ ስክሪኑም በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ስምንት መስመር፣ በየመስመሩም አርባ ፊደል ብቻ ነው። በዘመኑ ጋዜጠኞች ዜናቸውን የትም ተቀምጠው ጽፈው በስልክ መስመር ወደ ዝግጅት ክፍላቸው ይልኩበት ስለነበር እጅግ ይወዱት ነበር። በነገራችን ላይ፣ ውስጡ ያለውን ፕሮግራም ከጻፉት ሰዎች አንዱ ቢል ጌትስ ነው።

ወደ እኔ ያመጡት ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው ለውጭ አገር እንግዶች በሾፌርነት ሲያገለግሉ፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ እንግዳ በስጦታ ትቶላቸው የሄደው ነው። ዕቃው ለብዙ ዓመት በቁም ሳጥን ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ልጃቸው አብሮት የመጣውን አዳፕተር ሶኬት ላይ ሲሰካው ጭስ ወጣ፤ ቤተሰቡም «ኮምፒውተሩ ተቃጠለ» ብሎ ደመደመ። ቆይተው የወሰዱበት አንድ ሱቅም ሳይከፍተው «ለቆራሌው ስጡት» አላቸው።

የተቃጠለው ግን አዳፕተሩ ነበር። ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራ ትራንስፎርመር በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር አዳፕተሩን ወደ ጎን ትቶ አራት አዲስ የባትሪ ድንጋይ መክተት ነበር። ሌላ አዳፕተር ላለመፈለጌ ሁለተኛ ምክንያትም ነበረኝ። ገበያ ላይ የምናገኛቸው አብዛኞቹ አዳፕተሮች የመሰኪያቸው መሐል ፖዘቲቭ ነው፤ ይህ ማሽን ግን መሐሉ ኔጋቲቭ የሆነ 6 ቮልት ነው የሚፈልገው። ጫፉን በቴስተር ሳይለካ «ገጥሟል» ብሎ የሚሰካ ሰው ያልተበላሸውን ያበላሻል።

ድንጋዮቹን ከትቼ ማብሪያውን ገፋሁ፤ ስክሪኑ ባዶ ነው። ከጎኑ ያለችውን የስክሪን ማድመቂያ ጎማ ከዳር እስከ ዳር አዞርኳት፤ ለውጥ የለም። እዚህ ላይ ስለራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገጥመኝ ወዲያው የብየዳ ካውያዬን ሰክቼ፣ ያበጠ የመሰለኝን ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ትንሽ ዕቃ) ሁሉ መንቀል እጀምር ነበር። በዚያ ጥድፊያ የአንድ ደንበኛዬን ቦርድ አበላሽቻለሁ፤ ካፓሲተሩን ስነቅል የመዳቡ ቀለበት አብሮ ተነሣ፤ በኋላ እንደተረዳሁትም ካፓሲተሩ ምንም አልነበረበትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው የሆነብኝ።

በዚህኛው ማሽን ግን ካውያውን ሳልሰካ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፦ የሞተው ማሽኑ ነው ወይስ ስክሪኑ? ሞዴል 100 ሲከፈት ጠቋሚው የሚያርፈው በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ባለው ቤዚክ በተባለው ፕሮግራም ላይ ነው። ስለዚህ ምንም ሳይታየኝ ኢንተርን ተጫንኩ፤ ቀጥዬ ቢፕ የሚለውን ትእዛዝ በአራቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፌ ኢንተርን ደገምኩ። ማሽኑ አጭር፣ ቀጭን ድምፅ አሰማ። በዚያች ድምፅ ብቻ ፕሮሰሰሩ፣ ቋሚ ማኅደረ ትውስታው፣ የተጫንኳቸው ቁልፎችና 5 ቮልቱ ደኅና መሆናቸውን ዐወቅሁ። አንድም ብሎን ሳልፈታ ከቦርዱ የሚበልጠውን ክፍል ከጥርጣሬ አወጣሁት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ድንጋዮቹን አውጥቼ፣ ከሥር ያሉትን አራት ብሎኖች ፈትቼ፣ ላይኛውንና ታችኛውን ክፍል የሚያገናኙት ኬብሎች እንዳይበጠሱ እየተጠነቀቅሁ እንደ መጽሐፍ የከፈትኩት። ከአራቱ ድንጋዮች የሚመጣውን 6 ቮልት ገደማ ቦርዱ ላይ ያለ አንዲት ትንሽ ትራንስፎርመር ያላት ክፍል ወደ ፖዘቲቭ 5 እና ወደ ኔጋቲቭ 5 ቮልት ትለውጠዋለች። ስክሪኑ ፊደል ለማሳየት ኔጋቲቩንም ይፈልጋል። ኃይል መልሼ ስለካ ፖዘቲቩ ሙሉ ነው፤ ኔጋቲቩ ግን 2 ቮልት እንኳ አልሞላም። አጠገቡ ያለው ካፓሲተር እግሩ ሥር አንሶላ ላይ እንደ ፈሰሰ ሻይ ያለ ጥላ ነበረበት፤ ከሥሩ የሚወጣው የመዳብ መስመርም ጠቁሯል። ኃይሉን አጥፍቼ፣ ቴስተሩን ድምፅ ወደሚሰጠው መለኪያ አዙሬ የመስመሩን ሁለት ጫፍ ነካሁ፤ ድምፅ የለም። መስመሩ ተበልቶ ተቆርጧል።

ካውያው የጋለው አሁን ነው። አሮጌ ብየዳ በቀላሉ አይቀልጥም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ አዲስ ሊድ ጨምሬበት፣ ሲለሰልስ መጥጬ አወጣሁት፤ ይህን ባደርግ ኖሮ የዚያን ደንበኛዬን ቦርድ ባላበላሸሁት ነበር። የፈሰሰውን በአልኮል ጠረግሁ። አልኮል ስል የፋርማሲውን ወይም የኬሚካል መደብሩን ንጹሑን ማለቴ ነው፤ ውሃ የበዛበት አረቄ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ትስቃላችሁ፣ ግን ሞክሮ የመጣ ሰው ስለማውቅ ነው የምነግራችሁ። ከዚያ አዲስ ካፓሲተር በትክክለኛው ፖላሪቲ ተከልኩ፤ በተቆረጠው መስመር ላይም በቀጭን ሽቦ ጃምፐር ዘረጋሁ።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኝ ነበር። ቦርዱ ላይ 3.6 ቮልት የምትሰጥ፣ አውራ ጣት የማታክል የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ተበይዳለች። ማሽኑ ሲጠፋ የተጻፈው ነገር እንዳይጠፋ የምትጠብቀው እሷ ናት። ስታረጅ ግን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ኬሚካል ታፈሳለች፤ እሱም በመዳቡ ላይ እየሳበ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። በእኚህ እናት ማሽን ላይ የፈሰሰው ጥቂት ነበር። ባትሪዋን ነቅዬ፣ ኬሚካሉ አልካላይ ስለሆነ በጥርስ ብሩሽ አቼቶ አስነካሁት፤ ቀጥዬ በተጣራ ውሃ አጥቤ፣ በአልኮል አድርቄ፣ አዲሷን ቻርጅ የምትደረግ ባትሪ በሁለት ሽቦ ከቦርዱ አርቄ አሰርኳት፤ ወደፊት ብታፈስም ቦርዱን እንዳታገኘው። በሷ ቦታ ቻርጅ የማይደረግ የሊቲየም ባትሪ እንዳትተክሉ አደራ፤ ማሽኑ በሠራ ቁጥር ኃይል ይልክባታልና አደጋ አለው።

ገጥሜ ስከፍተው ስክሪኑ በራ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ይላል፤ ከታች ደግሞ 29638 ባይት ባዶ ቦታ እንዳለው ተጽፏል። በዚህ ዓይነት ባለ 32 ኪሎባይት ማሽን ላይ ይህ ቁጥር ሲታይ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ማኅደሩ ውስጥ ምንም የተጻፈ ነገር የለም።

ይህን የማነሣው፣ ጎረቤቴ ዕቃውን ሲሰጡኝ «የሱ ጽሑፍ ካለበት አውጣልኝ» ብለውኝ ስለነበር ነው። ባለቤታቸው ማታ ማታ ፊደል እየለቀሙ እንግሊዝኛ ይለማመዱበት ነበር። ማሽኑን ይዤላቸው ስሄድ፣ ጽሑፉ ባትሪዋ የሞተች ዕለት እንደጠፋ፣ ማንም ጠጋኝ ሊመልሰው እንደማይችል ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እሺ፣ ሰውዬው የሚነካው የትኛውን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ከሌሎቹ ይልቅ ጽሕፈታቸው የተፋቀውን ሦስት አራት ቁልፎች አሳየኋቸው።

ዛሬ ለእናንተ እንዳሳያችሁ ፈቅደው ያዋሱኝ እሳቸው ናቸው፤ ከመምሸቱ በፊት እመልስላቸዋለሁ ብያለሁ። እስከዚያው ቴስተራችሁን ይዛችሁ ሦስት ሦስት እየሆናችሁ ቅረቡና ኔጋቲቩን 5 ቮልት ራሳችሁ ለኩት። አመሰግናለሁ።