ውሃ ትጠጣለች ወይ?

ሰላም ናችሁ? ዛሬ ሙዚቃም የለም፣ መግቢያም የለም፣ መኝታ ቤት ቁጭ ብዬ በስልኬ ነው የምቀዳው። የሚጮኸው የጎረቤት ውሻ ነው፣ እሱን እንኳን ታውቁታላችሁ፣ ከኔ በላይ አድናቂ አለው። የኮንዶሚኒየም ስብሰባው ክፍል ሁለት ይቆየን፣ ይቅርታ።

እትዬ፣ አሮጌዋ ፒካፔ፣ ተሸጠች።

አዎ። ቅዳሜ። ከነጭሷ፣ ከነድምጿ። በስንት እንደተሸጠች አልናገርም፣ ባለቤቴ ይሄን ትሰማለች፣ እሷ የምታውቀው ዋጋ ሌላ ነው... ቀልዴን ነው። በከፊል።

እና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? ስንት አመት እዚሁ ቁጭ ብዬ ያማረርኩባት መኪና ናት። ባሌስትራዋ ተሰበረ፣ ፍሪሲዮኗ አለቀ፣ ክሮቼራዋ ቋ ቋ ይላል፣ ምናምን። ግን ከቅዳሜ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ማለቴ እተኛለሁ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን አይኔ ቁልጭ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ መጣ፣ ገዢው፣ 25 ቢሆነው ነው። ከእናቱ ጋር፣ «መኪና ያውቃል» ከተባለ ጓደኛው ጋር፣ ደላላው አለ። ኮፈኑን ከፈትን፣ ሞተሯ ተነስቷል፣ ልጁ ዞር አለና «ጋሼ፣ ውሃ ትጠጣለች እንዴ?» አለኝ። ጋሼ! እኔን! ፂሜን አለመላጨቴ ነው እንጂ... እሺ ይሁን። እና እኔ ምን አልኩ? «የማይጠጣ ማን አለ፣ እኛስ እንጠጣ የለ?» አልኩ። ሳቁ። ሁሉም ሳቁ፣ እናትየዋ ሳትቀር፣ ደላላው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በቃ፣ ጥያቄው እዚያው አለቀ።

ትጠጣለች እኮ፣ የራዲያተሯ ውሃ ይጎድላል። ለናንተ ምን እደብቃለሁ። በሳምንት አንድ ሃይላንድ፣ ባለ ሁለት ሊትሩን።

የጀመራት አባይ በረሃ ነው፣ 2014 ላይ፣ ከደብረ ማርቆስ ስንመለስ፣ የአክስቴ ማር ጋቢና ውስጥ የፈሰሰበት ጉዞ። ድልድዩን ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ስንወጣ፣ ጭነት አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀይ እየሄደ ነው፣ እኔ ደግሞ «ትንሽ ነው የቀረን» እያልኩ እነዳለሁ። ምን ትንሽ? ዳገቱ ገና ነው። ሞተር እንዲህ ሲግል ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን ማለት ነው፣ ይጣመማል፣ ከስሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይቃጠላል፣ ከዚያ የሲሊንደሩ ግፊት ወደ ራዲያተር፣ የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሲሊንደር፣ በማርሚታ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ከፍዬ ነው።

ፕሮፌሰሩ ፈታት (መካኒኬን ነው፣ ስሙን ያወጣችሁለት እናንተው)፣ ቴስታታውን ቶርኖ ቤት አስተካከለው፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ፣ ዳነች። አንድ አመት ተኩል። ከዚያ ደግሞ ጀመራት። ለሁለተኛ ጊዜ ሲፈታት በሁለቱ ቫልቮች መሃል ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አሳየኝ፣ በጥፍሩ ዳሰስ እያደረገ፣ እንደ ዶክተር፣ «ይሄ እንግዲህ ጠቅላላው ነው የሚቀየረው» አለኝ። ስሪ ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር የታወቀ ነው አለኝ፣ አትሞትም፣ ግን ሙቀት አታስነካት። አሁን ይነግረኛል!

ሶማሌ ተራ ሄድኩ፣ መለዋወጫ ገበያው። ይሄ ከሐምሌ 2016 በኋላ ነው፣ የምንዛሬው ነገር ገበያ ይወስነው ከተባለ በኋላ፣ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ተነስቶ 100 ሲያልፍ። ሰውየው ካልኩሌተር አውጥቶ «ይሄ የዛሬ ዋጋ ነው፣ ነገ ብትመጣ አላውቅህም» አለኝ። «ኦሪጅናል ነው ታይዋን?» ስለው «አንተ የቱን ነው የምትፈልገው?» አለኝ። አንድ እቃ ይዞ እኮ ነው! አንድ! ስፖኪዮዬንም የገዛሁት ከዚያው ነው፣ የራሴ ይሁን የሌላ ሰው እንጃ። ብቻ ቴስታታውን ሳልገዛው ተመለስኩ፣ ፕሮፌሰሩ ያንኑ መልሶ አሰረው፣ እኔም ሃይላንድ መያዝ ጀመርኩ።

ሰው ፒካፕ ሲገዛ ናፍጣውን ያሰላል፣ ቦሎውን ያሰላል፣ ኢንሹራንሱን፣ በየ5 ሺህ ኪሎሜትሩ ዘይት ከነፊልትሮው። ዘመድ የሚያሰላ የለም። ካሶኒ ያለው መኪና ስትይዝ ዘመድህ ይበዛል፣ ቤት የሚቀይር፣ ፍራሽ የሚያስመጣ፣ ለፋሲካ በግ የሚያስጭን። አንድ የባለቤቴ ዘመድ አሸዋ ጭኖባት ባሌስትራዋን ሰብሮ «አሮጌ ነበር» ብሎ መለሰልኝ። አሮጌ ነበር! በ2016 አጋማሽ ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ አሮጌ የሚባል ነገር ጠፍቷል፣ ሁሉም መኪናውን አቅፎ ነው የሚተኛው። እኔስ ለዚህ አይደል ይሄን ያህል ያገኘሁባት... እሺ፣ ዋጋ አልናገርም ብያለሁ።

የት ነበርኩ? ሳቁ።

ቆይ፣ ቅደም ተከተሉን አዛብቼዋለሁ። ከሳቁ በኋላ ያ ጓደኛው፣ መኪና የሚያውቀው፣ እሱ አልሳቀም ነበር መሰለኝ፣ ጨርቅ አንስቶ እጁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሰደደ። እኔ ደግሞ «ተው ይፈጅሃል!» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ይፈጃል፣ የጋለ ራዲያተር ክዳኑን ስትከፍተው ፊትህ ላይ ነው የሚተፋው። ልጁ እጁን ሰበሰበ፣ «አመሰግናለሁ» ሁሉ አለኝ። ግን ለምን ጋለ? ከመምጣታቸው አንድ ሰዓት በፊት አስነስቻት ስለነበር ነው። ቀዝቃዛ ሆና ቢያገኛት ክዳኑን ከፍቶ አስነሱ ይል ነበር፣ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ሲል አይቶ እጁን አራግፎ ይሄድ ነበር።

እኔ ግን ጠዋት ሁሌም ቀድሜ ነው የማስነሳት። ካንዴሌታዎቿ፣ ሞተሩን ለመነሳት የሚያሞቁት፣ ደክመዋል፣ በብርድ በአንዴ አትነሳም፣ ይሄንን ታውቃላችሁ፣ ስንቴ ነው በሷ ምክንያት ያረፈድኩባችሁ። ስለዚህ ያው እንደ ሁልጊዜው ነው ያስነሳኋት። እንደ ሁልጊዜው። ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንደዚያ አይመስለኝም። ሁልጊዜ አስር ደቂቃ ነው የማሞቃት እንጂ አንድ ሰዓት አይደለም። ደግሞ ሃይላንዱን አውጥቼዋለሁ። ከሹፌሩ ወንበር ኋላ የምትቀመጠዋን። መኪና ሲሸጥ እቃ ይወጣል አይደል? ጃንጥላዬን አወጣሁ፣ የልጄን ጫማ አወጣሁ፣ ሃይላንዱን አወጣሁ። ክሪኩን ተውኩለት።

ጠበቃው ጓደኛችን ጋ ደወልኩ፣ «ለአንድ ሰው ነው የምጠይቅህ» ብዬ፣ አላመነኝም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለእቃው ጉድለት ዋስ ነው አለኝ፣ ገዢ አይቶ ሊያውቀው የሚችለው ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። «አይቶት ነበር?» አለኝ። ልጁ ጠይቆኝ ነበር አልኩት። ዝም አለ። እኔስ ስገዛት ማን ነገረኝ? ለኔ የሸጠልኝ ሰውዬ «ቁልፍ ብቻ ነው የምትፈልገው» ነበር ያለኝ፣ በሶስተኛው ሳምንት ዲናሞ ቀየርኩ፣ በወሩ ሞተሪኖ። ማንም ማንንም አይነግርም፣ ገበያው እንደዚህ ነው። አይደለም እንዴ? ዲናሞ ግን... ዲናሞ ዳገት ላይ ሰው አያስቀርም።

ልጁ የዶሮ መኖ ነው የሚጭነው። ከቢሾፍቱ ሱሉልታ። ይሄን የነገረኝ ብሩን ካስገባ በኋላ ነው። ኩንታል ጭና እንጦጦን ልትወጣ ነው፣ እኔ ደግሞ ቆሜ «በርታ» እላለሁ። እናትየው ሲሄዱ ጉንጬን ሳሙኝና «እጅህ አመድ አፋሽ አይሁን ልጄ» አሉኝ። ምን በጎ ነገር ሰርቼ? ደህና ደስ ብሏቸው ነበር። ጋቢናውን ሳይ ዳሽቦርዱ ላይ ስዕለ አድህኖ ለጥፈዋል፣ ገና ከግቢ ሳይወጡ።

ዛሬ ሁለት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁም። ሁለተኛው ቁልፍ እኔ ጋ ቀርቷል፣ ለሱ ሊሆን ይችላል። ወይ የስም ዝውውሩ ወረቀት ይሆናል። መኪና ዳገት ላይ ቀጥ ብላበት ቢሆን ሁለቴ ደውሎ አይተወኝም ነበር፣ አስሬ ይደውል ነበር፣ አይደል? እኔ ብሆን አስሬ እደውላለሁ።

ሃይላንዱ ኩሽና ነው ያለው፣ ባለቤቴ ውሃ መስሏት ፍሪጅ ልታስገባው ነበር፣ ውሃም ነው እኮ። ነገ ቁልፉን ላደርስለት እችላለሁ፣ ሱሉልታ ምን ያህል ነው፣ በታክሲ። ቁልፉን ሰጥቼው፣ በዚያው... እንጃ። ምን ብዬ እንደምጀምር ነው። ውሻው ዝም አለ አይደል?