77 ድምፅ
በአሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት፣ በሲታክ ከተማ ለአማርኛ ተናጋሪ የአየር ማረፊያ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣

ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከቅዳሴ በቀጥታ የመጣችሁም ነጠላችሁን እንደለበሳችሁ ተቀምጣችኋል። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ስለ ኅብረት ስምምነታችን፣ ድርድሩ የት ላይ እንደቆመና ለምን እንደቆመ ልነግራችሁ ነው የተነሣሁት።

የጠየቅነው ብዙ አይደለም። ቤተሰብን የሚሸፍን የጤና መድን፣ የሥራ ሰዓት ሲደለደል ቀድሞ የተቀጠረ እንዲቀድም፣ ያለ በቂ ምክንያትም ማንም ከሥራ እንዳይባረር። የቀጠረን የተቋራጭ ኩባንያ ተወካይ ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና፣ «እኔ ምን ላድርግ? ዋጋውን የሚቆርጠው አየር መንገዱ ነው፤ ከዚህ በላይ ብጠይቀው ነገ ሌላ ተቋራጭ ያመጣል» አለን።

ከኮሚቴው አባላት ብዙዎቹ ተናደዱ። ውሸቱን ነው ያሉም ነበሩ። እኔ ግን አመንኩት። ሰውየው የተናገረው እውነት ነው፤ ቸግሮን የቆየውም ይኸው እውነት ነው።

እስቲ አስቡት። አየር መንገዱ ዊልቸር የመግፋቱን፣ ሻንጣ የመጫኑን፣ አውሮፕላን የማጽዳቱን ሥራ ለጨረታ ያወጣል። ተጫራቾቹ የሚገዙት ጓንት ዋጋው አንድ ነው፤ የሚያስገቡት ዊልቸርም ያው ነው። አንዱ ከሌላው ዝቅ ያለ ዋጋ ማቅረብ የሚችለው ከእኛ ደመወዝና ከእኛ መድን ላይ ሲቀንስ ብቻ ነው። አንዱ ኩባንያ ደግ ሆኖ ቢጨምርልን በሚቀጥለው ጨረታ ይሸነፋል፤ እኛም አብረነው እንወጣለን። እ.ኤ.አ. በ2005 አላስካ አየር መንገድ በዚሁ አየር ማረፊያ የሠራተኛ ማኅበር አባላት የነበሩ 500 ያህል ሻንጣ ጫኞቹን አሰናብቶ ሥራውን ለተቋራጭ ሲሰጥ፣ የተሰናበቱት ሰዎች ሥራቸውን በደንብ ይሠሩ ነበር። ጥፋታቸው ደመወዛቸው ከተቋራጩ ሠራተኛ ደመወዝ መብለጡ ብቻ ነበር።

እንግዲህ የምንደራደረው ገንዘቡ በእጁ ከሌለው ሰው ጋር ነው። ገንዘቡ ወዳለበት፣ ሥልጣኑም ወዳለበት መሄድ አለብን። ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን እንደምታዞሩ አውቃለሁ። መንገዱ ፖለቲካ ነውና።

«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ተብለን ነው ያደግነው። እናቴ ይህን ስትናገር ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ መስኮቱን አይታ ነበር። በእኛ አገር ሠራተኛ ስለ ደመወዙ ሲናገር ምን እንደሚደርስበት የወላጆቻችን ትውልድ በዓይኑ አይቷል። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ ለአራት ቀን አገሩን ቀጥ አደረገ፤ በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። መንግሥትም ተደራደረ፣ ፈረመ። ዓመቱ ሳይዞር ግን ደርግ መጣ። ማኅበሩ የሕዝብ መንግሥት ይቋቋም ብሎ ሲጠይቅ መሪዎቹ ወህኒ ወረዱ፤ ማኅበሩም ፈረሰ። ስለዚህ የእናቴን ፍርሃት አልንቅም። ያን ፍርሃት የተማረችው በሰው ሕይወት ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ አባቶችም ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ነገር ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ከዚህ አዳራሽ በመኪና የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ከኮረንቲው ርቀን ብንቀመጥ ኖሮ የማናገኘውን ነገር አግኝተናል። የዛሬው ቃሌ ስለዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የዋሽንግተን ግዛት ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 9 ዶላር ከ19 ሳንቲም ነበር። አብዛኞቻችን የምናገኘው እሱን ወይም ከእሱ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። ማኅበራቱ በየኩባንያው በር ሲመላለሱ፣ እኛን ዛሬ እንደመለሱን ሁሉ ተመለሱ። ከዚያ አንድ ሰው ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ፤ አየር ማረፊያው ያለው በሲታክ ከተማ ክልል ውስጥ ነው፣ ሲታክ ደግሞ 12,000 ያህል መራጭ ብቻ ያላት ትንሽ ከተማ ናት፣ ታዲያ ለምን ራሱን ሕዝቡን አንጠይቅም? ሕጉን ሕዝቡ ካወጣው ሁሉም ተጫራች እኩል ይከፍላል፤ ዝቅ ብሎ የሚያሸንፍ አይኖርም። ፕሮፖዚሽን 1 የተባለው እንዲህ ተወለደ። ለአየር ማረፊያና ለትልልቅ ሆቴሎች ሠራተኞች በሰዓት 15 ዶላር፣ ክፍያ ያለው የሕመም ፈቃድ፣ ተቋራጭ ሲቀየር ሠራተኛው ለ90 ቀን ሥራው ላይ እንዲቆይ።

እኔ ያኔ ዜጋ አልነበርኩም፤ ድምፅ መስጠት አልችልም ነበር። በር ማንኳኳት ግን እችል ነበር። ከሥራ ስወጣ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር በየአፓርታማው እዞር ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት ከፈቱልኝ። ቡና እያፈሉ ነበር፤ ግቢ አሉኝ። የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ መጥቶላቸዋል፤ ሳይከፈት ቴሌቪዥኑ ሥር፣ ከመብራት ቢል ጋር ተደራርቦ ተቀምጧል። «ፖለቲካ ነው ልጄ፣ እኔ ምን አገባኝ» አሉኝ። «ልጅዎ የት ነው የሚሠራው?» አልኳቸው። «ኤርፖርት፣ መኪና ያጥባል» አሉ። ወረቀቱን አብረን ከፍተን መስመር በመስመር በአማርኛ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ሁለተኛው ቡና ላይ፣ «ይህ እኮ የልጄ ደመወዝ ነው፤ ፖለቲካ ነው ብለው ነው የደበቁኝ?» አሉ። መነጽራቸውን ፈልገው ራሳቸው አጠቆሩ፣ ፖስታው ላይ ፈረሙ። ያን ጊዜ ፖስታው ቴምብር ይፈልግ ነበር፤ እኔ ልለጥፍ ስል እጄን ያዙኝ። «ቴምብሩን የምገዛው እኔ ነኝ» አሉ።

ቆጠራው ቀናት ፈጀ። ልዩነቱ ሲጠብ፣ ሲሰፋ፣ እንደገና ሲጠብ እንቅልፍ አጣን። በመጨረሻ 3,040 ድምፅ ድጋፍ፣ 2,963 ድምፅ ተቃውሞ ሆነ። በ77 ድምፅ አሸነፍን። ድጋሚ ተቆጠረ፤ አልተለወጠም። ሰባ ሰባት ሰው ማለት እኮ በዚህ አዳራሽ ከግድግዳው እስከ መሐሉ መተላለፊያ ድረስ የተቀመጣችሁት ናችሁ። ቁጠሩ።

አልጋ በአልጋ ነበር አልልም። ከምርጫው በፊት፣ ሐሳቡን ለድምፅ ለማቅረብ የተሰበሰቡት ፊርማዎች ጉድለት አለባቸው ተብሎ ተከሰስን፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አዳነን። ካሸነፍን በኋላም አንድ ዳኛ ሕጉ አየር ማረፊያውን አይመለከትም ብለው ፈረዱ፤ የሆቴል ሠራተኞች 15 ዶላር ሲያገኙ እኛ ውጭ ቀረን። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነሐሴ 2015 እ.ኤ.አ. 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ እስኪፈርድልን ድረስ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ጠበቅን። ተስፋ ቆርጠው ሥራ የለቀቁ ወንድሞች ነበሩ፤ ዛሬም ትዝ ይሉኛል። ሕጉ ከኑሮ ውድነት ጋር በየዓመቱ ከፍ እያለ እ.ኤ.አ. በ2025 ክፍያው 20 ዶላር ከ17 ሳንቲም ደርሷል።

«ታዲያ ሕጉ ካለ የኅብረት ስምምነት ለምን አስፈለገ?» የሚል ጥያቄ ባለፈው ሳምንት ደርሶኛል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሕጉ የሰዓት ክፍያውን እንጂ መድኑን አልሰጠንም። ያለ ምክንያት የተባረረች እህታችን አቤት የምትልበትን መንገድ አላበጀም። አሥር ዓመት የሠራ ሰው ትናንት ከተቀጠረው እኩል ዕጣ ሲጠብቅ ሕጉ አይናገርም። ይህን የሚይዝ ስምምነቱ ብቻ ነው፤ ስምምነቱን ደግሞ ብቻውን የሚፈርም ተቋራጭ እንደሌለ ከላይ ነግሬአችኋለሁ። ሁሉም በአንድነት እንዲፈርሙ ከላያቸው ያለው አካል መናገር አለበት።

ከላያቸው ያለው ማን ነው? የአየር ማረፊያው ባለቤት የሲያትል ወደብ ነው። ወደቡን የሚያስተዳድሩት አምስት ኮሚሽነሮች ናቸው። እነዚህን ሰዎች ማንም አልሾማቸውም፤ የኪንግ ካውንቲ ሕዝብ ነው የሚመርጣቸው። ሬንተን፣ ተክዊላ፣ ኬንት፣ ሲያትል የምትኖሩ ዜጎች ሁሉ ስማቸው በድምፅ መስጫችሁ ላይ ይመጣል። ብዙዎቻችን ከላይ ያሉትን ትልልቅ ስሞች መርጠን እነሱ ጋ ስንደርስ ባዶ እንተዋለን። ያ ባዶ ቦታ የእኛ መድን ነው።

ዜጋ ላልሆናችሁ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ድምፅ አትስጡ፤ ሕጉ አይፈቅድም፣ ማንም ቢገፋፋችሁ እሺ አትበሉ። በኮሚሽኑ ስብሰባ ላይ ግን ማንም ሰው ተነሥቶ መናገር ይችላል፤ ዜግነት አይጠየቅም። አስተርጓሚ ማኅበሩ ያዘጋጃል።

ስብሰባው ማክሰኞ ነው። የምንፈልገው ባለሙያ ንግግር አይደለም። የአንዷን እህታችንን ነገር ላንሣ፤ ፈቃዷን ጠይቄ ነው። ዊልቸር ትገፋለች። ከበር እስከ ሻንጣ መቀበያ፣ እንደገና ከሻንጣ መቀበያ እስከ በር፣ በቀን ከአሥር ጊዜ በላይ። የእጅ አንጓዋ አብጦ በፋሻ ጠቅልላ ነው የምትሠራው። መድን ስለሌላት ሐኪም ጋ አልሄደችም። አውሮፕላን ለመሳፈር የታመመ ሰው የምትገፋው እሷ፣ ራሷ የምትታከምበት የላትም። እሷ ተነሥታ ፋሻውን ፈትታ እጇን ለአምስቱ ኮሚሽነሮች ታሳይ። ከኋላዋ ደግሞ እኛ ዩኒፎርማችንን ለብሰን እንቁም። ተወካዩ «አየር መንገዱ ነው» ቢል፣ አየር መንገዱ «ተቋራጩ ነው» ቢል፣ ሁሉም ባለበት ቤት ውስጥ ይባባሉት።

የማክሰኞው መኪና ከዚህ ከአዳራሹ በር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይነሣል። የሌሊት ፈረቃ ላላችሁ ከአየር ማረፊያው የሚያነሣችሁ ሌላ መኪና አለ። ልጅ የምትይዙ፣ ልጆቹን የሚጠብቁ ሁለት እናቶች እዚህ ይሆናሉ፤ ምሳም አለ። ስም የሚመዘገብበት ጠረጴዛ ከቡናው አጠገብ ነው። በወረቀቱ ላይ 77 መስመር አስምረንበታል። የመጀመሪያው መስመር ላይ እነዚያ ቴምብሩን የገዙት እናት ቀድመው ፈርመዋል፤ እዚያ ከፊት ተቀምጠዋል። እባካችሁ ከእሳቸው ቀጥሎ ተሰለፉ።