የተቆረጠው ዋና ሥር

ሥሩን በምላጭ ቆረጡት። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው። ሌላ ርዕስ አዘጋጅቼ ነበር፣ ማስታወሻውም ፊቴ ተቀምጧል፤ ግን ልቤ እዚያ የለም። ስለዚህ እሱ ለሌላ ቀን ይቆየን።

የቡና ችግኞቹን ታውቋቸዋላችሁ። ከመብቀላቸው በፊት ጀምሮ አብራችሁኝ ናችሁ። «ዛሬስ ወጡ?» እያላችሁ ስትጽፉልኝ ለነበራችሁ ሁሉ፣ አዎ፣ ወጥተዋል። አሁን ደግሞ ከኩባያ ወደ ባልዲ ተዛውረዋል። ያዛወሯቸው እማማ ናቸው። የኛዋ እማማ፣ የታችኛው ፎቅ፣ «ውሃ አታብዢ» የሚሉት። ዘሩ የአባዬ ጓሮ ዘር ነው። ጓሮው አሁን የኛ አይደለም። ይሄን አውርቼዋለሁ፣ አልደግመውም።

የዘራሁት በወረቀት ኩባያ ነበር። ማኪያቶ ይዘን የምንሄድበት ዓይነት፣ ታቹን በስቼ። የቡና ዘር ትዕግሥት ይፈትናል። አፈሩን ሰብሮ እስኪወጣ ሁለት ወር ገደማ ሊፈጅ ይችላል። እኛ ከላይ ከላይ እያየን «ምንም የለም» እንላለን፣ ታች ግን ሥራው ተጀምሯል። መጀመሪያ የሚወጣው ሥር ነው። ቅጠል ገና ሳይታሰብ ዋናው ሥር ቁልቁል ይወርዳል። ኩባያው ደግሞ አጭር ነው። በችግኝ ጣቢያ የቡና ችግኝ የሚፈላበት ፕላስቲክ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ርዝመት የሚኖረው ያለ ምክንያት አይደለም።

እሺ፣ ወደዚያች ሰዓት ልመለስ።

ከዋዜማው ማታ ውሃ ጠጥተዋል። እማማ ናቸው ያዘዙት። «ዛሬ አጠጪያቸው፣ ነገ እንዳትነኪያቸው» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። አፈሩ ከደረቀ ከኩባያው ሲወጣ ይፈረካከሳል፣ ቀጫጭኑን ሥርም ይዞ ይሄዳል። ጭቃ ከሆነ ደግሞ በራሱ ክብደት ይናዳል። የሚፈለገው ጨበጥ ሲያደርጉት የሚያያዝ፣ ግን ውሃ የማያንጠባጥብ አፈር ነው።

የመጡት አመሻሽ ላይ ነው፣ ፀሐይዋ ከበረንዳው ዞር ስትል። በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። የመጀመሪያውን ኩባያ አነሱ። ግንዱን በሌባ ጣታቸውና በመሃል ጣታቸው መሃል አስገቡት፣ መዳፋቸው አፈሩን ሸፈነው። ከዚያ ገለበጡት። በሌላው እጃቸው ኩባያውን ጎንና ጎኑን ጫን ጫን አደረጉት፣ ታቹን መታ መታ። ኩባያው ወለቀ። ችግኙ ተዘቅዝቆ ከነሙሉ አፈሩ መዳፋቸው ላይ ቀረ።

ግንዱን አልሳቡም። አንዴም። እኔ ቪዲዮ ላይ ሰው ግንዱን ይዞ ወደ ላይ ሲጎትት ሳይ ሆዴን ይቆርጠኛል። መያዝ ካለብህ ቅጠሉን ያዝ። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ቅጠል ይመጣል። ለጋ ግንድ ከተጨፈለቀ ግን አበቃ፣ ምትክ የለውም።

ሥሩም እንደዚሁ ነው። እኛ የምናየው ወፍራሙን ነው፣ ውሃውን በብዛት የሚስበው ግን ዓይን በደንብ የማያየው፣ እጅግ ቀጭን የሆነው ነው። እሱ አየር ላይ በደቂቃዎች ይደርቃል። ቅጠሉ ግን ይሄንን አያውቅም፣ ውሃ ማትነኑን አያቆምም። ከታች የሚገባው ሲያንስ፣ ከላይ የሚወጣው ሲቀጥል፣ ችግኙ ይጠወልጋል። ለዚህ ነው በምሽት የሚዛወረው። ለዚህ ነው ለጥቂት ቀን ጥላ የሚያስፈልገው። ብዙ ሰው ሲጠወልግ ሲያይ ደንግጦ ማዳበሪያ ይጨምራል። ምን ሊያደርግለት? የተጎዳ ሥር ማዳበሪያውን ሊጠቀምበት አይችልም፣ እንዲያውም ያቃጥለዋል። ጥላና ጊዜ ነው የሚፈልገው።

ኧረ ባልዲውን ረሳሁት። ባልዲዎቹ የቀለም ባልዲዎች ናቸው፣ ትንንሾቹ። ከወንድሜ ጋር የተጨቃጨቅንባቸው። እሱ «አንዴ ትልቁን ስጫቸውና ተገላገይ» ይላል። እማማ እምቢ አሉ። ትንሽ ችግኝ ትልቅ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ሥሩ የማይደርስበት አፈር ብዙ ነው። ያ አፈር ውሃ ይዞ ይቀመጣል፣ ቀዝቅዞ፣ ታፍኖ። ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ይላል።

ከዚያ አንዷ ጋ ደረሱ።

ኩባያውን ሲያወልቁ አፈሩ በሙሉ አልመጣም። የታችኛው ክፍል ተለይቶ ወደቀና ሥሩ ወጣ። ዋናው ሥር ነው። ቁልቁል ወርዶ፣ ታቹን መትቶ፣ ወደ ጎን ታጥፎ፣ እንደገና ወደ ላይ ዞሯል። የጀበና ጆሮ በሉት። እማማ ምንም አላሉም። ችግኟን ጋዜጣው ላይ ለብቻዋ አስቀመጡና ቀጣዩን ኩባያ አነሱ።

«እማማ፣ እሷስ?»

«እሷ አትሆንም።»

«ለምን? ደህና አይደለች እንዴ? ቅጠሏን ይዩት።»

«ቅጠሉን አይደለም። ሥሩን እይው።»

ልብ በሉ፣ ቅጠሏ ከሁሉም ያምር ነበር። ይሄ ነው ያልወጣልኝ። ከሁሉም የምታምረው እሷ ነበረች።

እማማ በወጣትነታቸው ጅማ አካባቢ ችግኝ ጣቢያ ሠርተዋል፣ ታውቃላችሁ። እዚያ ዋና ሥሩ የታጠፈ ችግኝ ይጣላል። ክርክር የለበትም። ምክንያቱም የታጠፈ ሥር ያለው ቡና ወዲያው አይሞትም። ቢሞትማ ጥሩ ነበር። ያድጋል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ያብባል። ለዓመታት ደህና ነው። ከዚያ ፍሬ በብዛት የያዘ ዓመት፣ ወይም በጋው የጠና ዓመት፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይደርቃል። ገበሬው በሽታ ገባበት ብሎ ያስባል። ሲነቅለው ሥሩ ታጥፎ ያገኘዋል። ያን ሁሉ ዓመት አረም አርሞለት፣ ኮትኩቶለት። ጥፋቱ የተፈጸመው ችግኙ አንድ ስንዝር ሳይሞላ ነው።

ይሄን ሲነግሩኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። በእሳቸው አይደለም። በየዓመቱ ክረምት ሲመጣ የምንተክለውን አሰብኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እኔም ወጥቼ ተክያለሁ፣ ደስ ብሎኛል፣ ዛሬም ደስ ይለኛል። ግን በዘመቻ ቀን ከነፕላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ችግኝ ያላየ ሰው አለ? ፕላስቲኩን በምላጭ ሸርተት አድርጎ መግፈፍ ሰከንዶች ነው የሚፈጀው። ሰው ፎቶ ለመነሳት ከዚያ በላይ ይቆማል! ያ ሥር እኮ የት ይሂድ? ስንት ተተከለ ብለን እንቆጥራለን፣ ታች ምን እንደሆነ ማን...

እሺ። እሺ፣ ይሄ ሌላ ወሬ ነው።

«እማማ፣ እሷን አልጥላትም» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «የአባትሽ ስለሆነ ነው?»

«አዎ።»

ዝም አሉ። እጃቸው ላይ የነበረውን ችግኝ ተክለው ጨረሱ፣ አፈሩን በጎን በጎን ጠቅጠቅ አደረጉ። ከዚያ «ምላጭ አምጪ» አሉኝ።

አመጣሁ። ለሳል ብለው ከሚያስቀምጧት አረቄ ጠብ አድርገው ምላጩን ጠረጉት። ችግኟን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩዋት። ከእጥፋቱ በላይ፣ ሥሩ ገና ቀጥ ካለበት ቦታ ላይ፣ ቆረጡት። ድምፅ የለውም። እኔ ድምፅ ይኖረዋል ብዬ ነበር። የተቆረጠው ቁራጭ ጋዜጣው ላይ ወደቀ፣ ነጭ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ሕይወት አለው። በጣም ነጭ ነበር። ጤናማ ሥር ነጭ ነው፣ ታምሞ ቢሆን ቡናማ ይሆን ነበር። ጤነኛ ነገር ነው የቆረጥነው።

ከዚያ ባልዲው አፈር ላይ በእንጨት ጠባብ ጉድጓድ አወጡ፣ አስገቧት፣ ትንሽ ወደ ታች ጠለቅ አደረጓት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ላይ ሳብ። ሥሩ ቀና እንዲል ነው። እዚህ ላይ ብቻ ነው ሲስቡ ያየኋቸው፣ እሱም ከጥፍር አይበልጥም።

«ከጎን ሌላ ታወጣለች» አሉኝ። «ወይ ታወጣለች፣ ወይ አታወጣም።»

ይሄው ነው። ያ ከሆነ ሳምንታት አልፈዋል። ሌሎቹ አዲስ ጥንድ ቅጠል አወጡ። እሷ አልጠወለገችም። አላደገችምም። አረንጓዴ ናት፣ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ በቃ።

ሰው ሁሉ የሚለው «ሥሩን እንዳትነካ» ነው። እኔም እዚሁ ፖድካስት ላይ ስንቴ ብያለሁ። ለዱባና ለኪያር እውነት ነው፣ ለፓፓያ በጣም እውነት ነው፣ ሥራቸው ሲነካ አኩራፊዎች ናቸው። ግን መቂ ሂዱ። ሽንኩርት ከመደቡ ተነቅሎ፣ ሥሩ ራቁቱን፣ በእቅፍ በእቅፍ ተሸክመውት ነው ሄደው የሚተክሉት። ይፀድቃል። ቲማቲምማ ግንዱን እስከ ወገቡ ብትቀብሩት ከተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል፣ እንዲያውም ይጠነክራል። ቡናን እንዲህ አድርጎ መቅበር አይቻልም፣ የነበረበት ልክ ላይ ነው የሚቆመው። እንሰት ደግሞ አለ። ጉራጌ አገር እንሰት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው ከቦታ ቦታ የሚዛወረው፣ ሥሩ እየተከረከመ። ያኛው መነካት ይወዳል ልበል? እንጃ፣ «ይወዳል» ትክክል አይመስለኝም። ይችለዋል። ብቻ ሁሉም የየራሱ ጠባይ አለው፣ «አትንካ» የሚለው ሕግ ለሁሉም አይሠራም።

አንዳንዶቻችሁ ይሄንን ወደ ሰው ልትወስዱት እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። ከአገር ስለወጣ ሰው፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ። እባካችሁ ዛሬ አትውሰዱት። እኔ የማወራው ስለዚያች ችግኝ ነው።

የአባዬ ቡና ዝርያው ምን እንደሆነ ጠይቃችሁኝ ነበር። 74110 ነው። 74 የተባለው ፈረንጆቹ 1974 በሚሉት ዓመት ስለተመረጠ ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የቡና ፍሬን የሚያበሰብሰው በሽታ አገራችን ገብቶ ነበር። የጅማ ተመራማሪዎች በሽታው የማይደፍራቸውን ዛፎች እየፈለጉ መረጡ፣ ይሄኛው ከመቱ አካባቢ ከተገኙት አንዱ ነው። ስለዚህ ዝርያው አይጠፋም። በየቦታው አለ፣ ከፈለግኩ ነገ ዘሩን ገዝቼ ማፍላት እችላለሁ። ይሄን ለራሴ ስንቴ ነገርኩት መሰላችሁ። አይጠፋም፣ አይጠፋም። ግን የእሱ ጓሮ...

ለሚቀጥለው ኩባያ አልጠቀምም። ወይም ታቹን ሙሉ በሙሉ ቆርጬ ወንፊት ነገር ላይ አቆመዋለሁ። የሥር ጫፍ አየር ሲያገኝ እዚያው ያቆማል፣ ከኋላው ደግሞ ቅርንጫፍ ሥር ያወጣል። ማንም ምላጭ ሳያነሳ። ይሄን ሞክሩት፣ ለቃሪያም ይሆናል።

የቸኮልኩበት ምክንያት ወንድሜ ነው። ሰኔ ሲገባ አጋሮ ሊወስዳቸው ይመጣል፣ ዝናቡ መሬቱን እንዳራሰ ሊተክላቸው። ትናንት ደውሎ «ስንት ናቸው? ጉድጓዱን ላስቆፍር» አለኝ። «ቆጥሬ እነግርሃለሁ» አልኩት። ቆጥሬያቸዋለሁ እኮ። እሷን ልቁጠራት አልቁጠራት ነው። ብሰጠው መሬት ይይዝባታል፣ ዓመታት ይለፋባታል። ላለመስጠት ደግሞ ምክንያት የለኝም፣ ቆማለች፣ አረንጓዴ ናት። ሥሯን አውጥቶ ማየት ይቻላል፣ አዲስ አውጥታ ከሆነ ይታያል። ግን ለማየት ስትነካ የያዘውን ትበጥሳለህ። እማማን ልጠይቃቸው አስብና «ወይ ታወጣለች፣ ወይ አታወጣም» ነው የሚሉኝ።

ለወንድሜ እውነቱን ብነግረውስ? «አንዷ ሥሯ ተቆርጧል፣ አንተ ወስን» ብለው? እሱ ደግሞ አባዬን... አይ፣ እሱ ይወስዳታል። ሳያስብ ነው የሚወስዳት። ይሄ ነው እንግዲህ፣ እሱ ይወስዳታል፣ ስለዚህ መንገሩ ለእሱ መተው አይሆንም፣ እኔው ነኝ...

እንጃ። ሰኔ እስኪገባ ጥቂት ጊዜ አለ። እስከዚያ ቅጠል ካወጣች እነግራችኋለሁ፣ ካላወጣችም... እናያለን፣ እሺ።