ካሜራ መያዝ የቻለ ተማሪ ምን ይቀረዋል? የአድማጮች ጥያቄና የፊልም መምህር መልስ

በዛሬው የጥያቄና መልስ ሰዓታችን የደወሉልን አብዛኞቹ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ የፊልምና የቪዲዮ ሥራ የሚማሩ ወጣቶች ናቸው፤ አንዲት እናትም አሉበት። መልስ የሚሰጡን ከፍተኛውን የፊልም ሥራ ኮርስ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥረን አቅርበናል።

ከሐዋሳ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የመጀመሪያውን የቪዲዮ ኮርስ ጨርሻለሁ። እቀርጻለሁ፣ ኤዲት አደርጋለሁ፣ ከዩቲዩብም ብዙ ተምሬያለሁ። ለከፍተኛው ኮርስ ልመዝገብ ስል ጓደኞቼ «ያው ካሜራ ነው፣ ምን ይጨምርልሃል?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው?

መልስ፦ ካሜራውን በሚመለከት አልተሳሳቱም። ሌንሱም፣ ብርሃን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚገባ የሚወስነው ሸተሩም ያው የምታውቀው ነው። የሚለወጠው አሠራሩ ነው። በመጀመሪያው ኮርስ ጽፈህ፣ ቀርጸህ፣ ድምፅ ይዘህ፣ ኤዲት የምታደርገው ብቻህን ነው። ቀረጻ ላይ የረሳኸውን ኤዲት ላይ ራስህ ታድበሰብሰዋለህ፤ ማንም አያውቅብህም። በከፍተኛው ኮርስ ግን ሥራው ለሰው ይከፋፈላል። ዳይሬክተሩ ሌላ፣ ካሜራ የሚይዘው ሌላ፣ ድምፅ የሚይዘው ሌላ፣ ኤዲተሩም ሌላ ይሆናል። ኤዲተሩ «ልጅቷ ከበሩ የገባችበት ሾት የታለ?» ሲልህ «እኔ እኮ ገብታለች ብዬ ነው» ማለት አያዋጣም።

ሌላው ከቀረጻ በፊት ያለው ሥራ ነው። ተማሪዎቼ በጣም የሚሰለቹት፣ እኔ ደግሞ በጣም የምጨክንበት ክፍል ይህ ነው። በተለመደው አጻጻፍ አንድ ገጽ ስክሪፕት በግምት የአንድ ደቂቃ ፊልም ነው፤ ገጹም በስምንት ተከፍሎ ይለካል። ይህ ትዕይንት ሦስት ስምንተኛ ገጽ፣ ያኛው አንድ ገጽ ከሁለት ስምንተኛ እየተባለ ይጻፋል። ከየትዕይንቱ ተዋናዩ፣ ልብሱ፣ ዕቃው፣ ቦታው ተለቅሞ ይወጣል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ የቀረጻው ቀን ይደለደላል፤ ማን በስንት ሰዓት የት እንደሚገኝ የሚናገረው ኮል ሺትም በዋዜማው ለሁሉም ይደርሳል። ይህን ወረቀት የናቀ ቡድን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሲሯሯጥ ታገኘዋለህ።

ከመመዝገብህ በፊት ወደ ትምህርት ክፍሉ ሂድና «ያለፈው ዓመት ተማሪዎች የጨረሱትን ፊልም አሳዩኝ» በል። የጨረሱትን ነው ያልኩህ፤ ምስሉ ከተቆረጠ በኋላ ድምፁ ተቀናብሮ፣ ቀለሙ ተስተካክሎ፣ ጽሑፉ ገብቶለት ለተመልካች የቀረበውን። የካሜራ ሞዴል እየዘረዘረ የሚያስተዋውቅ ትምህርት ቤት እኔን አይማርከኝም። ካሜራ ይከራያል።

ከአዲስ አበባ፣ ቀን ሰርግ እየቀረጸ ማታ የሚማር፦ አጎቴ ከአሜሪካ ካሜራ አምጥቶልኛል። ውጭ ስቀርጽ ደኅና ነው። አዳራሽ ውስጥ ግን ምስሉ ላይ የሚንሸራተቱ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ካሜራህ ጤነኛ ነው፤ የተሰናዳው ለአሜሪካ መብራት ስለሆነ ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ዑደት አለው፣ የእኛ 50። በ50 ዑደት የሚሠራ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ዓይን አያስተውለውም፤ ሸተሩ 1/60 (የሰከንድ አንድ ስድሳኛ) ላይ ያለ ካሜራ ግን ያስተውለዋል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የሚሠራበት እያንዳንዱ ነጠላ ምስል፣ እኩል ብርሃን አይደርሰውም። ሜኑው ውስጥ ገብተህ ኤንቲኤስሲ የሚለውን (የአሜሪካውን የቪዲዮ ደረጃ) ወደ ፓል (ባለ 50 ዑደት አገሮች ወደሚጠቀሙበት) ለውጥ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ቅረጽ፣ ሸተሩን 1/50 አድርግ። አንዳንድ ካሜራ ይህን ስትለውጥ ካርዱ ፎርማት ካልተደረገ፣ ማለትም በላዩ ያለው ሁሉ ካልጠፋ፣ አልሠራም ይላል። ያለፈው ቅዳሜ ሰርግ እዚያ ላይ ካለ አስቀድመህ ገልብጠው፤ ሙሽሮቹ እንደገና አያገቡልህም።

ይህን ሁሉ አድርገህ መስመሩ ካልጠፋ ብርሃናቸው የተቀነሰ ርካሽ የኤልኢዲ መብራቶችን ተጠራጠር። ብርሃናቸውን ሙሉ አድርገህ ሞክር። በጄኔሬተር የሚሠራ አዳራሽ ከሆነም ዑደቱ ሊዋዥቅ ስለሚችል ሸተሩን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀስክ መስመሩ የሚጠፋበትን ቦታ ፈልግ።

ከጅማ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦ ነጭ ግድግዳ ባለበት ቤት ስቀርጽ የተዋናዮቼ ፊት ይጨልማል። ኤዲት ላይ ሳበራው ደግሞ ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ካሜራው ብርሃኑን በራሱ እንዲለካ ትተኸው ነው። ከፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያቀርብ ስለሚሞክር፣ ግድግዳው ነጭ ሲሆንበት ሁሉንም አንድ ላይ ያጨልማል። ማኑዋል ላይ (በእጅ ወደሚስተካከለው) አድርገውና ልኬቱን በተዋናይህ ፊት ላይ ውሰድ፤ ግድግዳው ትንሽ ቢነጣ ምንም አይደለም። ጨለማውን ኤዲት ላይ ስትገፋው የሚመጣው አሸዋ ሴንሰሩ ብርሃን ሲያንሰው የሚፈጥረው ነው፤ ቀረጻ ላይ ካልተከላከልከው በኋላ መድኃኒቱ ደካማ ነው።

ጠቆር ያለ ፊት በምስል ላይ የመጨለሙ ነገር ታሪክም አለው። በፊልም ጥቅል ዘመን የኮዳክ ማተሚያ ላቦራቶሪዎች ቀለም የሚያመዛዝኑት «ሸርሊ ካርድ» በሚባል ፎቶግራፍ ነበር፤ በፎቶው ላይ የነበረችውም ነጭ ሴት ናት። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ እንደጻፈችው፣ ኩባንያው የቡናማ ቀለምን ልዩነት እንዲያሻሽል ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ ይገኝበታል። የሰው ፊት ተራው የደረሰው ከቸኮሌት በኋላ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ተዋናይህን ከግድግዳው ሁለት ሦስት ሜትር አርቀው። መብራትህን ፊት ለፊት አትደቅንበት፤ ከጎን አምጣው። ምንጩ ሰፊና ለስላሳ ይሁን፤ መስኮት ላይ የተወጠረ ነጠላ ከብዙ ውድ መብራት ይሻላል። ፊቱንም በፓውደር አታድርቀው። ጠቆር ያለ ቆዳ ቅርጹ የሚወጣው ብርሃን መልሶ ሲያንጸባርቅ ነው፤ ትንሽ ወዝ ጥሩ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፣ እናት፦ ልጄ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ነርሲንግ ትማር ብለን ነበር፤ እሷ ፊልም ካልሆነ አለች። አሁን ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ልትዛወር ነው፣ ወጪው ግን አስፈርቶናል። እንጀራ ይወጣዋል መምህር?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ከእርስዎ ሰፈር ብዙም በማይርቀው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት አስተምሯል። ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ያሬድ ዘለቀ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ለካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የበቃውን የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ፊልም ሠርቷል። ይህን የምነግርዎ መንገዱ በእኛ ሰዎችም የተረገጠ መሆኑን እንዲያውቁ እንጂ በሁለት ሰው ስም የቤት ኪራይ እንዲያስቡ አይደለም። አብዛኛው ሥራ ሲኒማ ቤት ውስጥ አይደለም። ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቪዲዮ የሚሠራላቸው ሰው ይቀጥራሉ። የነርሲንግን ያህል የተረጋገጠ ነው ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

ገንዘብ የሚበላው ዝውውሩ ነው። ከፍተኛዎቹ የፕሮዳክሽን ኮርሶች ቅድመ ሁኔታ አላቸው፤ አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሥራ ናሙና አይቶ ነው የሚያስገባው። ልጅዎ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የወሰደችውን መሠረታዊ ኮርስ አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ካልተቀበለው ያንኑ ደግማ ትከፍልበታለች፣ ምረቃዋም ይገፋል። ስለዚህ የትኛው ክሬዲት ለየትኛው ኮርስ እንደሚቆጠር አስቀድማ በጽሑፍ ትቀበል፤ «በአጠቃላይ ይያዛል» የሚል መልስ አይብቃት። የመመረቂያ ፊልሟ ባለቤትነት የማን እንደሆነም ትጠይቅ። በአንዳንድ ትምህርት ቤት የተማሪው ነው፣ በአንዳንዱ የትምህርት ቤቱ። ለፊልሙ የምታወጣውን የኪስ ገንዘብም ከአሁኑ አስቡበት፤ የትምህርት ክፍያው ላይ አይታይም።

በየአካባቢያችሁ ነዋሪ በአነስተኛ ክፍያ ሠልጥኖ መሣሪያ የሚዋስባቸው የፐብሊክ አክሰስ የኬብል ጣቢያዎችም አሉ። ዩኒቨርሲቲው እስኪወሰን ድረስ በዚህ ክረምት እዚያ ገብታ አንድ አጭር ሥራ ጨርሳ ታሳያችሁ። እርስዎም ያን አይተው ይፍረዱ።

ከድሬዳዋ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፦ መምህሬ የፊልሜን ምስል አመስግነው በድምፁ ምክንያት ዝቅተኛ ውጤት ሰጡኝ። የቀዳሁት በካሜራው ማይክ ነው። ኤዲት ላይ በሶፍትዌር አጸዳዋለሁ ብዬ ነበር።

መልስ፦ እኔም ያንኑ ውጤት እሰጥሽ ነበር። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። የካሜራው ማይክ ካሜራው ያለበትን ቦታ ድምፅ ነው የሚይዘው፣ ተዋናይሽ ያለችው ደግሞ ሦስት ሜትር ርቃ ነው። ሶፍትዌር ጫጫታውን ሲያነሣ ከንግግሩም ይቀነጥባል፤ ያን የቆርቆሮ ውስጥ ድምፅ ታውቂዋለሽ።

ከቦታ መረጣ ጀምሪ። ቦታ ለማየት ስትሄጂ ድምፅ የሚይዘውን ልጅ ይዘሽ ሂጂ፤ ሁለት ደቂቃ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ቁሙ። በእናንተ ከተማ ባጃጁ ዝም የሚልበትን ሰዓት እናንተ ታውቃላችሁ። አዛኑና ቅዳሴው በስንት ሰዓት እንደሆነም የቀረጻ መርሐ ግብሩ ላይ ይግባ። ቤት ውስጥ ማቀዝቀዣውን ከሶኬት ንቀሉት። ድሮ የተማርኩት ዘዴ አለ፤ የመኪናሽን ወይም የቤትሽን ቁልፍ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀምጪ፤ መልሰሽ ሳትሰኪው ወጥተሽ አትሄጂም።

ቡም (በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የሚታሰር ማይክ) ካላችሁ ከፍሬሙ ጠርዝ ልክ ወጣ ብሎ በተቻለ መጠን ወደ አፍ ይቅረብ። ከሌላችሁ ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ በተዋናይዋ ኪስ ካለ ስልክ ጋር አገናኝታችሁ ቅዱ፤ መጀመሪያ ላይ በጭብጨባ ምልክት ስጡ፣ ኤዲተሩ ምስሉንና ድምፁን የሚያጋጥምበት ነው። በ48 ኪሎኸርዝ ይቀዳ። ንግግሩ ከፍ ሲል ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ፤ ዜሮን ከነካ የተሰበረ ድምፅ አይጠገንም። ከየቦታው ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ ሁሉም ባለበት ቆሞ፣ ማንም ሳይተነፍስ ለማለት ይቻላል፣ የባዶውን ክፍል ድምፅ 30 ሰከንድ ቅዱ። ኤዲት ላይ በሁለት ንግግር መካከል የሚፈጠረውን ጉድጓድ የሚደፍነው እሱ ነው። ደክሟችሁ ዕቃ በምትሰበስቡበት ሰዓት ይህን የሚጠይቅ ሰው ይጠላል። ይጠላ።

ከመቀሌ፣ ተመራቂ ተማሪ፦ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የፊልም ትምህርት የት ልቀጥል? ገንዘብ የለኝም።

መልስ፦ አገር ውስጥ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛ ዲግሪ የፊልም ትምህርት አለው። ውጭ ካሰብክ ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባሉትን፣ በአውሮፓ ኅብረት የሚደገፉ የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራሞችን ተመልከት። ዘጋቢ ፊልም ከሆነ ፍላጎትህ ዶክኖማድስ የሚባለው ሁለት ዓመት ሲሆን ትምህርቱ በሊዝበን፣ በቡዳፔስትና በብራሰልስ እየተዘዋወረ ይሰጣል። የነፃ ትምህርት ዕድሉን ካገኘህ የትምህርት ክፍያ የለብህም፤ ለኑሮ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። ውድድሩ ከባድ ነው። ማመልከቻው ትምህርቱ ከመጀመሩ ብዙ ወራት ቀድሞ ስለሚዘጋ ፓስፖርትህንና የትምህርት ማስረጃህን አሁኑኑ አዘጋጅ።

ከእስራኤል፣ የኮሌጅ የፊልም ተማሪ፦ የመመረቂያ ፊልሜ ስለ አያቴ ነው፤ የምትናገረው በአማርኛ ነው። የዕብራይስጡን ጽሑፍ አስገባሁ፣ የአማርኛውን ሳስገባ ግን ፊደሉ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ይወጣል።

መልስ፦ ኤዲት የምታደርጊበት ፕሮግራም የመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ አስጭነሽ በእጅሽ ምረጪው። የጽሑፍ ፋይሉም በዩቲኤፍ 8 (የዓለምን ፊደላት ሁሉ ለኮምፒውተር በሚያስቀምጠው በዩኒኮድ አሠራር) መቀመጡን አረጋግጪ። ጽሑፉን የተየበልሽ ሰው በድሮ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የአማርኛ ሶፍትዌር ከሆነ ግን ፎንት መለወጥ አያድንሽም፤ እንደገና ይተየብ። ዕብራይስጡ ላይ ነጥቡና የጥያቄ ምልክቱ ወደ ተሳሳተው ጠርዝ ዘሎ እንደሆነም እይ፤ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ ጽሑፍ ላይ የተለመደ ችግር ነው።

የግዕዝ ፊደል ዝርዝር መስመር ስለሚበዛበት ከዕብራይስጡ ከፍ ባለ መጠን ይጻፍ፤ በአንድ ጊዜም ከሁለት መስመር አይብለጥ። ከዚያ በፊት ግን ትርጉሙን አማርኛን በደንብ ለሚያውቅ ሌላ ሰው አሳይው። አያትሽ የጎንደር ገጠር አነጋገር ካላቸው በትምህርት ቤት አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ተርጓሚ ሊስተው ይችላል፤ ስለዚህ ኤዲቱን ከመዝጋትሽ በፊት ከአያትሽ ዕድሜ የሚቀራረብ አንድ ዘመድ አስቀምጠሽ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር አረጋግጪ።