አብሮ ቢሮ የሚገባ ሰው

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ መምህራን ማኅበር ነው። አዲስ አበባ ስላለው ዋናው ጽሕፈት ቤት ሳይሆን ስለ ወረዳው፣ ስለ እኛ ትምህርት ቤት መሠረታዊ ማኅበር።

«ማኅበሩ ለእኛ ምን ሠራልን?» የሚለውን ጥያቄ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እኔም ስጠይቀው ኖሬያለሁ። ፔሮል ላይ ስንፈርም ከግብሩና ከጡረታው አጠገብ የማኅበር መዋጮ የምትል አምድ አለች። ብሯ ትንሽ ናት፤ ግን ደመወዙም ትንሽ ስለሆነ ዓይን ውስጥ ትገባለች።

መልሱን ያገኘሁት በደረጃ እድገት ሰበብ ነው። መምህር ላልሆናችሁ ላስረዳ። ሥራ ስትጀምሩ ጀማሪ መምህር ናችሁ። ከዚያ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር እያላችሁ እስከ መሪ መምህርና ከዚያም በላይ ትወጣላችሁ። የአገልግሎት ዘመንና የሥራ አፈጻጸም ውጤት ሲሟላ ደረጃው ይለወጣል፣ ደመወዙም አብሮ። ከፍተኛ መምህር የምሆንበት ዓመት ደረሰና ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሜ የለም። «ማኅደርሽ ውስጥ የአንድ መንፈቅ ውጤት ይጎድላል» አሉኝ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎች። ርዕሰ መምህሩ ፈርሞበት፣ ማኅተም ተመትቶበት በእጄ ያስገባሁት ወረቀት ነው! ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተማሪዎቼን ጥዬ። በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

የወረዳው ማኅበር ሊቀ መንበር ያኔ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ጉዳዬን ስነግራቸው ብዙ አልተናገሩም። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ጠብቂኝ፣ አብረን እንገባለን» አሉኝ። ገባን። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ ማንንም አልከሰሱም። የትምህርት ቤታችን መምህራን ማኅደር ከመዝገብ ቤት እንዲወጣላቸው ጠየቁና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጋር አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመሩ። ወረቀቴ በስም የምትመሳሰለኝ ባልደረባዬ ማኅደር ውስጥ፣ ከሕመም ፈቃዷ ጀርባ በስቴፕለር ተመትቶ ተገኘ። እድገቱ ከሚገባኝ ቀን ጀምሮ እንዲታሰብልኝ የማኅበሩን ደብዳቤ እዚያው ጻፉ። አራት ወር ፈጀ፤ ግን ውዝፉ ተከፈለኝ።

እኔ እንግዲህ ማኅበር ማለት ይሄ ነው የምለው። ብቻህን ስትገባ አንተ ባለጉዳይ ነህ። ማኅበሩ አብሮህ ሲገባ ግን ጉዳዩ የመምህራን ይሆናል። በዲሲፕሊን ክስም፣ በዝውውርም ያየሁት ይህንኑ ነው። ሐዘን ሲደርስማ ድንኳን ከመተከሉ በፊት የሚደርሰው የማኅበሩ ሰው ነው።

አቅሙ ውስን መሆኑን ግን አልደብቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም። የግል ትምህርት ቤት መምህራን አሥር ከሆኑ የሠራተኛ ማኅበር መሥርተው ከአሠሪያቸው ጋር በኅብረት ስምምነት መደራደር ይችላሉ። እኛ የመንግሥት መምህራን ይህ የለንም። ያለን የሙያ ማኅበር ነው። ስለዚህ መሣሪያችን ደብዳቤ፣ አቤቱታ፣ ደጅ መጥናት ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ መለወጥም አለበት ብዬ አምናለሁ።

የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። አባቴም መምህር ነበር። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ አብሮ አቁሟል፤ የዚያን ወር ነገር ሲያነሳ ቀና ብሎ ይቀመጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን ደግሞ እኔ ራሴ አስታውሳለሁ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ስድስት ዓመት ያህል ታሰሩ። ከማኅበሩ አመራሮች አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ በ1989 አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ማኅበሩም ለሁለት ተከፍሎ ዓመታት በፍርድ ቤት አለፉ። በቅርቡ ደግሞ የትግራይ መምህራን በጦርነቱ ጊዜ ላልተከፈላቸው የ17 ወር ደመወዝ ማኅበራቸው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶላቸዋል። አሥራ ሰባት ወር! ልጅ ያለው መምህር ይህን ያህል ጊዜ ምን በልቶ ኖረ? ይህን ጥያቄ ባንረሳው ደስ ይለኛል።

ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል። እኔ አሁን የትምህርት ቤታችን መሠረታዊ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ማክሰኞ ከአንዲት ጀማሪ መምህርት ጋር ቢሮ እገባለሁ። ባሏ ሌላ ወረዳ ነው የሚሠራው፣ የዝውውር ማመልከቻዋ ደግሞ ሁለት ጊዜ «አልደረሰንም» ተብሏል። የጋብቻ ማስረጃዋን በሁለት ኮፒ አድርጋ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ፤ አንዱ እኔ ጋ ይቀመጣል።